ተረብ ወደ ተርበር ቤት፦ በኮሎምበስ ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮና በአካባቢዋ ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ቀልዳችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ እንድትቀርቡ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

አስተርጓሚ ነኝ። በዚህ ከተማ በየክሊኒኩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው እየዞርኩ የእናንተን አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ የእነሱን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አንዳንዶቻችሁ ታውቁኝ ይሆናል። አይዟችሁ፣ ሥራ ላይ የሰማሁትን ውጭ አላወራም። ዛሬ ግን አንዲት ነገር አወራለሁ። ባለጉዳይዋ «አውራው፤ ስሜንና ሰፈሬን ብቻ እንዳታነሳ» ብለው ፈቅደውልኛል።

አንዲት እናት ናቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ እዚህ አገር የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቀ። ሕመሙን ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል? እኔም እንደወረደ ተረጎምኩ። እማማ መጀመሪያ ሐኪሙን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«እያሠቃየኝ ጭራሽ ማርክ ልስጠው?» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። «ቁጥር ነው የሚፈልገው፣ እማማ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ስምንት በለው። ለማለፍ ይበቃዋል?»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ደጅ ላይ ሌላ ታካሚ ይጠብቃል። እኔም «ስምንት» አልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ 8 ብሎ መታ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍን።

የሙያዬ ደንብ የተባለው ሁሉ ይተርጎም ይላል። እኔ ያን ቀን ሁለት የሚያምሩ ቀልዶችን ውጬ አንድ ቁጥር አሻገርኩ። ቀልዱ የት ገባ? እማማ ለጎረቤት አውርተውት ይሆናል። እኔም ማታ ለባለቤቴ አወራሁላት። ሳቀች፤ ተኛን። ወረቀት ላይ የቀረው 8 ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ 8 ነው። እሱና አንድ ቤት።

ቤቱን ሳታውቁት አትቀሩም። ከመሃል ከተማ ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ሲሉ፣ ጀፈርሰን አቬኑ ቁጥር 77 ላይ የቆመ አሮጌ ቤት ነው። ስንቶቻችን በሩ ላይ ተሳፋሪ አውርደናል፣ ዕቃ አድርሰናል። እኔም ለዓመታት ዞር ብዬ ሳላየው አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ስሙን ሰማሁ። የተርበር ቤት። ጆሮዬ ቆመ። ለአማርኛ ጆሮ እኮ ተረብ ተረብ ይላል! ሰውየው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ እውነትም ተረበኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ቃላት ምንም ዝምድና የላቸውም፤ እሱን አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ ወድቆ ተገኝቶ ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው።

የቀልድ ጸሐፊው ጀምስ ተርበር እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ በፈረንጆች ዲሴምበር 8 ቀን 1894 ተወለደ። ቤተሰቡ በዚያ ቤት የኖረው ከ1913 እስከ 1917 ነው። ያውም ተከራይቶ። ይህን ልብ በሉልኝ። ኪራይ ሲከፍልበት የነበረ ቤት ዛሬ በተከራዩ ልጅ ስም ይጠራል። አከራዩን የሚያስታውስ የለም። (እዚህ ላይ ማንንም እያሰብኩ አይደለም።)

ልጅ ሳለ ወንድሙ በቀስት ሲጫወት አንድ ዓይኑን አጠፋው። በኋላም በዚሁ ዓይን የተነሳ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያኔ ግዴታ የነበረውን ወታደራዊ ሥልጠና መጨረስ አልቻለም። ያለ ዲግሪ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን የሰጠው በ1995 ነው። ሰውየው ከሞተ በ34 ዓመቱ ማለት ነው። የአገር ቤት የትምህርት ማስረጃችሁን ለማስገምገም አስገብታችሁ የምትጠብቁ ወገኖቼ ተስፋ አትቁረጡ።

በ1927 ኒው ዮርከር መጽሔት ገባ። ይጽፋል፤ እግረ መንገዱን ደግሞ ይሞነጫጭራል። ሲሞነጫጭር የሚወጡት ትልልቅ ጆሮ ያላቸው፣ ነገረ ዓለሙን የተዉ የሚመስሉ ውሾች ናቸው። እሱ ሥዕል ናቸው ብሎ አላሰበም፤ እያጨማደደ ይጥላቸዋል። ቢሮ የሚጋራው ኢ.ቢ. ዋይት ነበር ከመሬት እያነሳ ይታተሙ ብሎ የሞገተለት። የዓይኑ ነገር ግን እየባሰ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይነ ስውር ሆነ ማለት ይቻላል። መጻፉን አላቆመም። ጠዋት በጭንቅላቱ እየጻፈ፣ በቃሉ እየያዘ፣ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው እየተናገረ ያስጽፍ ነበር። ግብዣ ላይ ሰው መሃል ቁጭ ብሎ ዝም ሲል ሚስቱ መጥታ መጻፍህን አቁም ትለው እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ይህን ሳነብ የቅኔ ተማሪ ትዝ አለኝ። ሌሊቱን ቅኔ ሲቆጥር አድሮ ጠዋት በቃሉ ለመምህሩ የሚያቀርበው ተማሪ። ያለ ወረቀት መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲያውም እኛን የሚቸግረን ወረቀቱ ነው።

ቤቱ ታድሶ ከ1984 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍ ማዕከልና ሙዚየም ሆኗል። ፎቅ ላይ የተርበር መኝታ ክፍል አለ። የክፍሉ ቁም ሣጥን ግድግዳ እዚያ የመጡ ደራሲያን በፈረሙት ፊርማ ተሞልቷል። ቁም ሣጥን ውስጥ መፈረም! እኛ ልጆቻችንን ግድግዳ ላይ ጻፋችሁ ብለን እንቆጣለን። አጠገቡ ባለው የንባብ አትክልት ቦታ ደግሞ እነዚያ ትልልቅ ጆሮ ውሾች በሐውልት ቆመዋል። ልጆች ካሏችሁ ለእነሱ ስትሉ እንኳ አንድ ቀን ጎራ በሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤቱ በየዓመቱ ለከተማው ሕዝብ ዝግጅት ያዘጋጃል። ደራሲያን መጥተው የሚያነቡበትና የሚጠየቁበት ምሽት አለ። ለአዋቂዎች የጽሑፍ ትምህርት አለ። ለልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጽሑፍ ካምፕ አለ። (በጋ ልበል ክረምት? ሰመር ብዬ ልገላገል።) መጪው ዙር እየተቃረበ ነው። ቀንና ሰዓቱን እዚህ የማልጽፈው ስለሚቀያየር ነው። ደውላችሁ ጠይቁ። ሰባት ሰዓት ካሏችሁ በእኛ ማታ አንድ ሰዓት ማለት ነው። በሐበሻ ቀጠሮ ተርጉማችሁ ሁለት ተኩል ላይ እንዳትደርሱ፤ ሰውየው አንብቦ ጨርሶ ወንበር እየታጠፈ ነው የሚጠብቃችሁ።

«እኛ ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። ሰምቻችኋለሁ። ለሦስት ወዳጆቼ ጉዳዩን ሳነሳ ሦስቱም ይህንኑ ነው ያሉኝ። አንደኛው የጭነት መኪና ይነዳል። ስልክ ላይ ሲያወራ ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው። «ጻፈው» ስለው «ቀልድ ይወራል እንጂ ይጻፋል እንዴ?» አለኝ።

እስቲ ተርበር የጻፈውን እንይ። ምን ጻፈ? የቤተሰቡን ጉድ። በ1933 ባሳተመው የልጅነትና የወጣትነት ማስታወሻው አንዲት አያት አሉ። ኤሌክትሪክ አምፖል ከሌለበት ሶኬት እየተንጠባጠበ ቤቱን ይሞላል ብለው ይሰጋሉ። እየዞሩ ይዘጉታል። ኦሃዮ ውስጥ የኖሩ ፈረንጅ አያት ናቸው። ግን ማን ነው ይህን አንብቦ የራሱን አያት የማያይ? መብረቅ ሲመጣ ቴሌቪዥን ነቅለው፣ መስታወት ሸፍነው፣ ጥግ ላይ ቁጭ የሚሉትን? እዚህ መጥተውም የጭስ ጠቋሚው ሲጮህ ሰው እየሰማን ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉትን?

ሌላም አለ። በማርች 1913 ኮሎምበስን እውነተኛ ጎርፍ መታት። የምዕራቡ ክፍል ክፉኛ ተጎዳ፤ ሰው ሞተ። በምሥራቅ በኩል ግን ከፍታ ስለነበር ውኃው አይደርስም። ሆኖም አንድ ሰው ሮጠ። ለምን እንደሮጠ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ቀጠሮ ረፍዶበት ይሆናል። ሌላው አየውና ሮጠ። ከዚያ «ግድቡ ተሰበረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ ነጎደ። ግድቡ ግን አልተሰበረም። ተርበር ከዓመታት በኋላ ይህን ጻፈው። ብዙ ሰው ያፈረበትንና ሊያነሳው ያልፈለገውን ቀን ነው የጻፈው። እኛስ አንድ ሰው ሲሮጥ አይተን ሳንጠይቅ የሮጥንበት ቀን ስንት ነው? መርካቶን የሚያውቅ ይመስክር።

መንፈሱን ደግሞ አልዘለውም። ኖቬምበር 17 ቀን 1915 ሌሊት ተርበር እዚያው ቤት ሳለ ከታች ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው ሲራመድ ሰማ። ሰው የለም። በኋላ በጻፈው ታሪክ እናቱ ጎረቤት ለመቀስቀስ ጫማ ወርውራ መስኮት ትሰብራለች። ፖሊስ ይመጣል። ጣራ ሥር የተኙት ወንድ አያት ፖሊሱን ከጦር ሜዳ የከዳ ወታደር መስሏቸው ይተኩሱበታል። መንፈሱን የሚያስታውስ የለም፤ ሰው ሰውን ሲያስቸግር ያድራል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ተርበር ታሪኩን ሲጽፍ የቤቱን አድራሻ ቀይሮታል። በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች እንዳይደነግጡ ብሎ ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የእኛን እጅ የሚይዘው ገመና ነውና። አባቴ ምን ይላል? እነ እትዬ ምን ይላሉ? የዕድሩ ሰዎች አንብበው እኔን ነው ቢሉስ? ተርበር መልሱን ከዘጠና ዓመት በፊት ሰጥቷል። አድራሻ ቀይሩ። ስም ቀይሩ። አጎታችሁን አክስት አድርጉ። እማማን ጉልበት አመማቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማን ያውቃል፣ ትከሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ወዳጄ እንግሊዝኛው አይመጥንም ይላል። ለእሱ የምነግረው ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ ወሬ አለኝ። በተርበር ስም ለአሜሪካ የቀልድ መጽሐፍ የሚሰጥ ሽልማት አለ። በ1997 ሲጀመር የወሰደው ኢያን ፍሬዚየር ነው፤ እሱም የኦሃዮ ልጅ ነው። በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት አሸነፈች፤ ጁሊ ሹማከር። የእሷ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ለተማሪና ለባልደረባ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ ሌላ ምንም የለውም። ደብዳቤ ሽልማት ያመጣል ማለት ነው። ይህን የምታነቡትንም እባካችሁ ከዚህ አንጻር እዩልኝ።

በ2017 ደግሞ ትሬቨር ኖዋ አሸነፈ። ደቡብ አፍሪካዊ ቀልደኛ ነው። በአፓርታይድ ዘመን የጥቁር እናቱና የነጭ አባቱ ግንኙነት በሕግ የተከለከለ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ሲወለድ ጀምሮ ማስረጃ ነው። የጻፈው ያንን ነው። እናቱ ሰፈር ውስጥ ልጇ ነው እንዳይባልባት ስትጠነቀቅ የነበረውን፣ በስንት ቋንቋ እየተናገረ ከስንት ጠብ እንዳመለጠ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው አትበሉኝ። ቁም ነገሩ እንግሊዝኛው ሳይሆን ያየው ነገር ነው። የእኛን የቪዛ ሰልፍ፣ የአሻራ ቀጠሮ፣ የልደት ቀን ግምት፣ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ባልና ሚስት በወረቀት ላይ ባዕድ የሆኑበትን ጉዳይ ማን ይጻፈው? አንድ ቤት ውስጥ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲሄዱ አብሬ ተቀምጫለሁ። መዝጋቢዋ እኔን «እርስዎስ የማን ነዎት?» አለችኝ።

ሦስተኛው ወዳጄ ደግሞ «ቀልድ የሥራ ፈት ነው» ባይ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አልፈርድበትም። ግን ስለ ሥራ ከተነሳ ልንገረው። ተርበር በ1955 ለፓሪስ ሪቪው መጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ አንዱን ጽሑፍ 15 ጊዜ እንደ አዲስ እንደጻፈው ተናግሯል። የረቂቆቹ ቃላት ቢደመሩ ወደ 240 ሺህ ይጠጋሉ። የመጨረሻው ግን ከ20 ሺህ አይበልጥም። የፈጀበትን ጊዜ 2 ሺህ ሰዓት ገምቶታል። በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የአንድ ዓመት ሥራ ማለት ነው። ለቀልድ! እንዲያ ለፍቶ ጽፎ አንባቢው «ቀላል ነው፣ እንዲሁ የወጣለት ነው» እንዲል ነው ይህ ሁሉ።

እኔም ሞከርኩ። የእማማን ነገር ጻፍኩት። መጀመሪያ ስጽፈው ሞተ። አፌ ላይ ሕይወት የነበረው ነገር ወረቀት ላይ የፖሊስ ሪፖርት መሰለ። ሳወራው እኮ የእማማን ዓይን እሠራለሁ፣ ድምፃቸውን እቀዳለሁ፣ «ጭራሽ» የምትለው ላይ እጫናለሁ። ወረቀት እጅና ዓይን የለውም። ሁለተኛ ጊዜ ስጽፈው ማብራሪያ አበዛሁ፤ ይባስ ሞተ። ሦስተኛ ጊዜ ሳወጣ ሳወጣ ሳወጣ ትንሽ ተነፈሰ።

በዚያ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ነው ያየሁት። «ለማለፍ ይበቃዋል?» ብለዋል። እኔ ያኔ የሰማሁት ፈተና ማለፍን ነው። ሕመሙ ተማሪ ሆኖ፣ ስምንት ማርክ አግኝቶ፣ ያልፍ እንደሆነ። ሳቅሁ፤ ሰሙን ይዤ ሄድኩ። ወርቁን ለካ ትቼው ወጥቻለሁ። ሕመምም ያልፋል። እማማ ሐኪሙን የጠየቁት «ይህ ነገር ያልፍልኛል ወይ?» ብለው ነው። ከዚያ ደግሞ ሰውም ያልፋል። በእሳቸው ዕድሜ ይህችን ሦስተኛዋን አስበዋት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። አልደፈርኩም።

የሚያናድደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እንግሊዝኛውም አንድ ቃል ነው። ፈተና ለማለፍ፣ ሕመም ለማለፍ፣ ሰው ለማለፍ፣ ፈረንጁም ለሦስቱም የሚጠቀመው ያችኑ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በትርጉም ሥራ ውስጥ በዓመት አንዴ አይገጥምም። አፌ ላይ ነበረች። «ስምንት» ከማለት ሁለት ሴኮንድ ብትረዝም ነው። ሐኪሙ ይስቅ ነበር፤ ከሳቀም በኋላ ምናልባት ዝም ይል ነበር። ይህን ያገኘሁት ቀልዱን ሳወራው አይደለም። አሥር ጊዜ አውርቼዋለሁ። ስጽፈው ነው ያገኘሁት።

ስለ አማርኛ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የቀልድ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ውሻው ይበላል» ብላችሁ ጻፉ። አላልታችሁ ብታነቡት ውሻው ራቱን ይበላል። አጥብቃችሁ ብታነቡት ውሻው ራት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ውሻው እየበላም እየተበላም። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ግን አንዱን መምረጥ አለባችሁ። ስለዚህ አማርኛ ውስጥ አፍ የማይችለው፣ ወረቀት ብቻ የሚችለው ቀልድ አለ። ቀልድ አይጻፍም ለሚለው የመኪና ነጂ ወዳጄ መልሴ ይህ ነው። (ምሳሌውን ግን ተርበር ቤት ውሾች አጠገብ እንዳታነሱት። ኦሃዮ ውስጥ ስደተኛና ውሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት እንደሌለባቸው በ2024 ምርጫ ሰሞን ከስፕሪንግፊልድ ወሬ ተምረናል። ለዚያውም ወሬው ሐሰት ነበር።)

ልጆቻችሁን አምጡ ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቤት ገብቼ አያለሁ። አባት ሶፋው ላይ በተረብ ይጋደላል፤ ልጅ አይገባውም። ልጅ ስልኩን እያየ ብቻውን ይንከተከታል፤ አባት አይገባውም። ቋንቋውንስ ይግባባሉ። «በላህ? ተኛህ? ጠናህ?» ይባባላሉ። ሳቃቸው ግን አይገናኝም። የልጆቹ የጽሑፍ ካምፕ እንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን። ልጁ የአባቱን ተረብ ለመጻፍ መጀመሪያ አባቱን ምን ማለትህ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። አባትም ማስረዳት አለበት። ቀልድ ሲብራራ ይሞታል፤ እውነት ነው። ይሙት። ሁለቱ ግማሽ ሰዓት አብረው ቁጭ ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ። አንዱን ብሔር ሞኝ፣ ሌላውን ቋጣሪ አድርጎ የሚጀምረውን ቀልድ። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ሁላችንም አንድ ወቅት ስቀንበታል። እኔም። ለአስተርጓሚነት ስቀርብ ግን የሚገባኝ፣ ያ ቀልድ ከተረጎሙት ምንም አይቀረውም። የብሔሩን ስም ስታወጡለት ባዶ ነው። የእማማን ቀልድ የማንንም ስም ሳታስገቡ ለጃፓናዊ ንገሩት፣ ይስቃል።

መኪና ያላችሁ ደግሞ ወደ ዴይተንም ዓይናችሁን ጣሉ። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ኤርማ ቦምቤክ የምትባል የዴይተን ሴት ስለ ልብስ ማጠብ፣ ስለ ልጅና ስለ ቤት ጣጣ ስትጽፍ ኖራ አምዷ ወደ 900 ጋዜጦች ላይ ይወጣ ነበር። በ1996 ዐረፈች። ከ2000 ጀምሮ የዴይተን ዩኒቨርሲቲ በስሟ የቀልድ ጸሐፊዎችን ስብሰባ ያዘጋጃል። የቤት ጣጣ ጽሑፍ አይሆንም ለምትሉ እናቶች ነው ይህን ያነሳሁት። እናንተ ስትስቁ የምሰማው እኔ ነኝ። ወንዶቹ ከሚያወሩት ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ይበልጣል፤ ግን ማንም አይጽፈውም።

አሁን ለተርበር ቤት ሰዎች ሁለት ቃል። አማርኛ እንደማታነቡ አውቃለሁ። ትርጉሙን ራሴ አመጣላችኋለሁ፤ የትኛውንም ቀልድ ወደ ቁጥር እንደማልቀይር ቃል እገባለሁ። ከዝግጅቶቻችሁ መካከል አንድ ምሽት ለተሰደደ ቀልድ ይሁን። በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ፣ በኔፓልኛ፣ በስፓኒሽ፤ ይህች ከተማ ሁሉም አላት። ጸሐፊው መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ያንብብ። ግማሹ ቤት ይሳቅ፣ ግማሹ ዝም ብሎ ሳቂዎቹን ይይ። ከዚያ ትርጉሙ ይነበብ፤ የቀረው ግማሽ ተራውን ይሳቅ። ሁለተኛው ሳቅ ካልመጣ ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው፤ ተነስቶ እጅ ይንሳ። ቀን ካጣችሁለት ኖቬምበር 17 ምን አላት? መንፈሱም ከ1915 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ እየሰማ ሰልችቶት ይሆናል።

ክፍያ አልጠይቅም። (የምሠራባቸው ክሊኒኮች ይህን አረፍተ ነገር እንዳላያችሁ ሁኑ።)

ለእናንተ ደግሞ ቀጠሮው ይኸው። በመጪው የደራሲያን ምሽት አትክልት ቦታው ውስጥ፣ ትልቁ ውሻ አጠገብ፣ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እቆማለሁ። ግራጫ ጃኬት፣ እጄ ላይ አንድ ወረቀት። አንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ፤ አማርኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛ፣ የተደባለቀም ይሁን። አጎታችሁን አክስት አድርጋችሁ። ያልጻፈ ባዶ እጁን ይምጣ፣ እየሰማ ይሄዳል። የጭነት መኪና የሚነዳው ወዳጄ ለመምጣት ቃል ገብቷል። ከኢንዲያና ሲመለስ ከደረሰ።

እማማንም ጠይቄያቸዋለሁ። «ደረጃ አለው?» አሉኝ።

ከሰላምታ ጋር
አስተርጓሚው

ግልባጭ፦
ለተርበር ቤት፣ ጀፈርሰን አቬኑ 77
ለእማማ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ቆጥሬ በስልክ እነግራቸዋለሁ